አየሩ በየት ይውጣ? የጡጦና ሕፃናትን የማስገሳት ታሪክ በመሐንዲስ ዓይን

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ለዚህ እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንደምጽፍ ሳያስቡ አልቀሩም። እኔ ግን ለጊዜው ከሲሚንቶና ከብረት ራቅ ብዬ፣ ክብደቱ አራት ኪሎ ስለማይሞላ አንድ የፈሳሽና የአየር ሥርዓት ለመጻፍ መርጫለሁ፤ ይኸውም ጠብቶ የጠገበ ሕፃን ነው። ሕፃን ከጠባ በኋላ በትከሻ ላይ ተደግፎ፣ ጀርባውን መታ መታ እየተደረገ እንዲያገሳ የሚደረገው ለምንድን ነው? ጥያቄው ለሐኪም ወይም ለአያት እንጂ ለመሐንዲስ የሚቀርብ አይመስልም። ይሁን እንጂ ነገሩ በቧንቧ፣ በግፊት፣ በስበትና በቫልቭ ቋንቋ የሚነገር ከመሆኑም በላይ፣ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዚሁ ጉዳይ ላይ የተሠራው ሥራና የተሰጠው ምክር፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ የብዙ ሺህ ሕፃናትን ሕይወት የነካ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የአሠራሩን ነገር እንመልከት። ከምንጭ ወደ ከተማ ውሃ የሚያወርድ ረጅም የቧንቧ መስመር የዘረጋ ባልደረባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መስመሩ ኮረብታ በሚሻገርበት ከፍተኛ ነጥብ ላይ አየር ይጠራቀማል፤ መውጫ ካልተበጀለትም የውሃውን መተላለፊያ ያጠብባል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ይዘጋዋል። ስለዚህ በየከፍታው የአየር ማስወጫ ቫልቭ እናስቀምጣለን። ቫልቩን በሸለቆ ውስጥ የሚያስቀምጥ መሐንዲስ የለም፤ ቢያስቀምጠውም የሚወጣለት ውሃ እንጂ አየር አይሆንም።

የሕፃን ጨጓራም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። የምግብ ቧንቧው ወደ ጨጓራ የሚገባው ከላይኛው ክፍል፣ ወደ ጀርባ ባዘነበለው ወገን በኩል ነው። ሕፃኑ በጀርባው በተኛ ጊዜ ወተቱ ወደ ጀርባ ይወርዳል፤ አየሩ ቀለል ያለ ስለሆነ ወደ ሆዱ ፊት ይንሳፈፋል። በዚህ ሁኔታ በሩ ከወተት በታች ስለሚሆን አየሩ መውጫ ያጣል። ሕፃኑ ቀጥ ተደርጎ በትከሻ ላይ ሲደገፍ ግን አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ በሩ ይቀርባል። በሩን የሚዘጋው የጡንቻ ቀለበት፣ ጨጓራው በአየር ሲወጠር፣ ለጥቂት ሰኮንዶች ይላላል፤ ያን ጊዜ ግሳቱ ይሰማል። ይህ ጊዜያዊ የጡንቻ መላላት በመለኪያ ተይዞ በዝርዝር የተገለጸው በ1980 ዴንት የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ስለሆነ፣ እናቶች ከሳይንስ በፊት በብዙ ዘመን ቀድመው እንደነበር ማመን ይገባል። ቀለበቱ ግን አየርና ወተት ለይቶ የማያሳልፍ በመሆኑ፣ አየሩ ሲወጣ ወተቱም ተከትሎ ብቅ ይላል፤ ይህንንም ቅርሻት እንለዋለን። በዩናይትድ ስቴትስ በ1997 በታተመ አንድ ጥናት መሠረት፣ አራት ወር ከሞላቸው ሕፃናት መካከል ሁለት ሦስተኛው ያህል በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ፤ ወደ ዓመታቸው ሲቃረቡ ግን ቁጥሩ ወደ አምስት በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ቅርሻት በራሱ የበሽታ ምልክት ሳይሆን ገና ያልጠነከረ ቫልቭ ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

ጀርባን መታ መታ ማድረጉ ምን ይሠራል? በእኔ አስተያየት፣ ኮንክሪት በሚፈስበት ጊዜ በንዝረት አየሩን እንደምናስወጣ ሁሉ፣ በወተቱ ውስጥ የተበተኑት ትናንሽ አረፋዎች ተሰብስበው ወደ ላይ እንዲወጡ ያግዝ ይሆናል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን እጅ ሳይሆን አቀማመጡ ነው።

ስለ ቃሉም ጥቂት ማለት ደስ ይለኛል። እኛ ለአንበሳውም ለሕፃኑም አንድ ግሥ አለን፤ አንበሳ ያገሳል፣ ሕፃንም ያገሳል። ጀርመኖች የሕፃንን ግሳት «ቦየርሽን» ይሉታል፤ ትርጉሙም «ትንሹ ገበሬ» ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛሬ የሚጠቀሙበት «በርፕ» የሚለው ቃል ግን ገና በ1930ዎቹ በአሜሪካ የወጣ ሲሆን፣ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ ሕፃኑን «ንፋሱን ማስወጣት» ማለትን ይመርጣሉ። ድርጊቱ ከቃሉ ይልቅ የቆየ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ሕፃን ከእናቱ ጡት ሌላ በዕቃ ወተት መጠጣት የጀመረው በፋብሪካ ዘመን አይደለም። በደቡብ ጀርመን በባቫሪያ ምድር፣ ከሕፃናት መቃብር ውስጥ፣ ቀጭን አፍ ያላቸው ትናንሽ የሸክላ ዕቃዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነችው ጁሊ ደን ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በ2019 ባሳተመችው ጥናት፣ ከእነዚህ ዕቃዎች ሦስቱን መርምራ የላም፣ የበግ ወይም የፍየል ዓይነት አመንዣኪ እንስሳት ወተት ቅሪት አግኝታባቸዋለች። የመጀመሪያው ዕቃ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 800 ባለው ጊዜ፣ ሁለቱ ደግሞ ከ800 እስከ 450 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ የዚህ ዓይነት ዕቃዎች የእንስሳ ቅርጽ ያላቸው መሆናቸውን ስናይ፣ የሠራቸው ሸክለኛ ስለ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕፃኑ ደስታም ያስብ እንደነበር እንረዳለን።

በ1770ዎቹ በለንደን ሂዩ ስሚዝ የተባለ ሐኪም፣ የሻይ ማፍያ የመሰለ፣ ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ማጥቢያ አወጣ። የዕቃው አፍ በትናንሽ ቀዳዳዎች የተበሳ ሲሆን በላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ይታሰርበት ነበር፤ ሕፃኑም ወተቱን በጨርቁ በኩል ይመጥ ነበር። ሐሳቡ ወተቱ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ እንዳይገባና ሕፃኑ ትን እንዳይለው በመሆኑ፣ የፍሰት መጠንን የመቆጣጠር ሐሳብ ነው። ችግሩ በውስጡ ያለው ቀጭን ቧንቧና ጨርቁ ሊጠሩ አለመቻላቸው ነበር። ረቂቅ ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና ባልታወቀበት ዘመን ይህን ጉድለት በስሚዝ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በአሜሪካ ቻርልስ ዊንድሺፕ በ1841 የመስታወት ጡጦ፣ ኢላይጃ ፕራት ደግሞ በ1845 የጎማ ጫፍ በባለቤትነት መብት አስመዘገቡ። በመካከሉ በ1844 ቻርልስ ጉድየር ጎማን በሰልፈርና በሙቀት የሚያጠነክርበትን ዘዴ አስመዝግቦ ስለነበር፣ ጎማው እየጎለበተ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ የጎማ ጫፎች መጥፎ ሽታና ጣዕም ነበራቸው ይባላል፤ የእንስሳ ቆዳና የተለፋ ጨርቅ ከሚጠቡበት ዘመን ጋር ሲመዛዘን ግን መሻሻል መሆኑ አያጠያይቅም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር በምሕንድስና ታሪክ ውስጥ በጥንቃቄ ሊጠና የሚገባው ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በእንግሊዝና በፈረንሳይ፣ ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው ጡጦ ገበያውን ያዘ። ጠርሙሱ በአልጋው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቱቦው ከጠርሙሱ እስከ ሕፃኑ አፍ ይዘረጋል፤ ሕፃኑም ማንም ሳይዘው በተኛበት ይጠባል። አንዳንዱ ዓይነት እንደ «አሌክሳንድራ» ያለ የንጉሣውያን ቤተሰብ ስም ተሰጥቶት በጋዜጣ ይታወጅ ነበር። በፋብሪካ ለምትውለው እናትም ሆነ ብዙ ልጅ ለምትጠብቀው ሞግዚት ነገሩ ታላቅ እፎይታ መስሎ መታየቱን መፍረድ አይቻልም።

ይህን ዕቃ በሥዕል ላይ አስቀምጠን እንመርምረው። የቱቦው ርዝመት 25 ሳንቲሜትር፣ የውስጡ ስፋት 6 ሚሊሜትር ነው ብንል፣ በውስጡ 7 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሕፃኑ ወተት ከመቅመሱ በፊት 7 ሚሊ ሊትር አየር መሳብ አለበት፤ አፉን ለቆ በያዘ ቁጥርም የቱቦው ወተት ወደ ጠርሙሱ ስለሚመለስ ያንኑ አየር እንደገና ይስባል። የአንድ ሳምንት ሕፃን ጨጓራ ከአንድ ቡና ስኒ ብዙም እንደማይበልጥ ስናስብ ይህ ቀላል መጠን አይደለም። የሚብሰው ግን አየሩ አይደለም። የጎማው ቱቦ ውስጡ አይታይም፣ ብሩሽም በደንብ አይገባበትም፤ በግድግዳው ላይ የሚቀረው ወተት በሞቀ አልጋ ውስጥ ውሎ ያድራል። ባክቴሪያ እንዲራባ ታስቦ የሚሠራ ዕቃ ቢኖር ከዚህ የተሻለ አይገኝም ነበር። ሕፃናቱ በተቅማጥ ያልቁ ስለነበር ሐኪሞች ዕቃውን ገዳይ ጡጦ እስከ ማለት ደረሱ። ይሁን እንጂ ከፓስተር ግኝት በኋላም ቢሆን ለብዙ ዓመታት መሸጡ አልቆመም፤ ፈረንሳይ ባለ ቱቦ ጡጦ እንዳይሸጥ በሕግ የከለከለችው በሚያዝያ ወር 1910 ነው።

ቱቦው ተቆርጦ ጫፉ በቀጥታ በጠርሙሱ አፍ ላይ ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር ተከሰተ፤ ይኸውም የግፊት ችግር ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ወስደን 100 ሚሊ ሊትር ወተት ብንጨምርበት፣ የተቀረው 150 ሚሊ ሊትር አየር ነው። አየር እንዳያስገባ አጥብቀን ብንዘጋው፣ ወተቱ በተጠባ ቁጥር የውስጡ አየር ይለጠጣል፤ ግፊቱም በቦይል ሕግ መሠረት ይወርዳል። ሕፃኑ ከከባቢ አየር ግፊት በታች 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል መሳብ ይችላል ብለን ብንነሳ፣ በባሕር ወለል ከፍታ 23 ሚሊ ሊትር ያህል ከጠባ በኋላ ፍሰቱ ይቆማል። ስሌቱን ለአዲስ አበባ ብንሠራው፣ እዚህ የከባቢ አየሩ ግፊት ወደ 570 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሕፃኑ ወደ 32 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ደጋው በዚህ ረገድ ለሕፃናት በጥቂቱ ያደላል ማለት ነው! በሁለቱም ቦታ ግን ከወተቱ ግማሹ እንኳ ሳይወጣ የጎማው ጫፍ ይጨማደዳል፤ ሕፃኑ ይበሳጫል፤ አፉን ይለቅቃል፤ ያን ጊዜ አየር በጫፉ በኩል እየተንቦጨቦጨ ወደ ጠርሙሱ ይገባል፤ ሕፃኑም እያለቀሰና እየተጣደፈ ሲጎርስ ከወተቱ ጋር አየር ይውጣል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አየር ማስገቢያ ማበጀት። አለንና ሀንበሪስ የተባለው የለንደን የመድኃኒት ኩባንያ በ1894 ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ጀልባ የመሰለ ጡጦ አወጣ፤ የተሻሻለውን ደግሞ «አለንበሪስ» በሚል ስም በ1900 ለገበያ አቀረበ። በአንዱ ጫፍ የሚጠባው ጎማ፣ በሌላው ጫፍ አየር የሚያስገባ የጎማ ቫልቭ አለው። ሁለቱን ጎማዎች አውልቆ ውሃ ከወዲያ ወዲህ ማፍሰስ ስለሚቻል ለማጠብ እጅግ የተመቸ ነበር። አንድ ክፍተት ሁለት ችግር ሲያቃልል፣ ማለት ግፊቱንም ንጽሕናውንም፣ ያ ጥሩ ንድፍ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ጡጦ ከዘመኑ ታላላቅ ድልድዮች ጎን ለማቆም አላፍርም። ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ ውስጣቸው የሚጨማደድ ከረጢት ያላቸውም ሆኑ በ1990ዎቹ የወጡት ባለ አየር ቱቦ ጡጦዎች፣ የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው። ያ ጥንታዊ ቱቦም በአዲስ መልክ በጠርሙሱ ውስጥ ተመልሶ መግባቱን ሳይ ግን፣ ለመታጠብ የራሱ ቀጭን ብሩሽ የሚያስፈልገው መሆኑን ሳልታዘብ አላልፍም።

በሕፃን ሆድ ውስጥ አየር መኖሩ በዓይን የታየው ሮንትገን በ1895 ጨረሩን ካገኘ በኋላ ነው። በ1915 ስሚዝና ለዋልድ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች፣ ሕፃናት በሚመገቡበት ጊዜ አቀማመጥ በምግብ መፍጨት ላይ ያለውን ውጤት በራጅ መርምረው አሳተሙ። በፎቶግራፉ ላይ ከወተቱ በላይ የተንሳፈፈው አየር ታየ፤ ሕፃኑ ቀጥ ሲደረግም አየሩ መውጫ እንደሚያገኝ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ማስገሳት ከአያቶች ምክርነት ወጥቶ በሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ እንደ ሥርዓት ገባ፤ በሚጠባበት መካከል አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ እየተባለም ተወሰነ።

እዚህ ላይ የሐሳብ ሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ዘለለ። ሕፃን አየር መዋጡ እውነት ነው፤ አየሩ ቀጥ ሲል መውጣቱም እውነት ነው። ሕፃን ማምሻውን ለሰዓታት የሚያለቅሰው በአየሩ ምክንያት ነው የሚለው ግን ከእነዚህ ከሁለቱ አይከተልም። ሞሪስ ዌስል የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1954 የሕፃናትን ቁርጠት በሦስት ሦስት ወሰነው፤ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ጤነኛ ሕፃን ማለት ነው። ይህ ስለ ልቅሶ መጠን እንጂ ስለ ሆድ የሚናገር ትርጉም አለመሆኑን ልብ ይሏል። ቤሪ ብራዘልተን በ1962 ባሳተመው ጥናት ደግሞ፣ የጤነኛ ሕፃናት ልቅሶ ከልደት ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከፍተኛ ነጥቡን እንደሚነካና ከዚያ እንደሚቀንስ አሳየ። የሚያለቅስ ልጅ አፉን ከፍቶ አየር ስለሚውጥ፣ አየሩ የልቅሶው ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል።

ለቁርጠቱ መድኃኒት ሲፈለግ የኖረው ግን ከሆድ ውስጥ ነው። በ1851 ዊልያም ውድዋርድ የተባለ የኖቲንግሃም መድኃኒት ቀማሚ፣ እንስላል ዘይት፣ ስኳር፣ ሶዲየም ባይካርቦኔትና አልኮል ያለበት «ግራይፕ ዋተር» አወጣ። ስሙ በአገራችን መድኃኒት ቤቶችም ይታወቃል። አልኮሉ በእንግሊዝ አገር ከቅመማው የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሕፃናቱ ጸጥ ያሉበት ምክንያት ምን እንደነበር ለመገመት የሚያዳግት አይመስለኝም። ባይካርቦኔቱ ደግሞ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ጠጥቶ የሚያገሳ ሕፃን በከፊል የሚያገሳው መድኃኒቱን ራሱን ነው። በኋላ አረፋ የሚያፈርስ ሲሜቲኮን የተባለ መድኃኒት መጣ፤ በ1994 በ83 ሕፃናት ላይ የታተመው ንጽጽራዊ ሙከራ ግን ምንም መድኃኒት ከሌለበት ጠብታ የተሻለ ሆኖ አላገኘውም።

ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ የገንዘብና የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በብዙ የምዕራብ አገሮች ሕፃናትን በሆዳቸው ማስተኛት እየተለመደ መጣ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ በጀርባው የተኛ ሕፃን ቢያቀረሽ ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል የሚል ነበር። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች የሚነበበው የቤንጃሚን ስፖክ የሕፃናት አስተዳደግ መጽሐፍ፣ በ1946 ከወጣ በኋላ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በወጡት እትሞቹ ይህንኑ ምክር ሰጥቷል። አየሩም ቢሆን በሆድ ሲተኙ በቀላሉ ይወጣል፤ በሩ በጀርባ በኩል ስለሆነ በዚህ አቀማመጥ ከፍተኛው ነጥብ ይሆናልና። ሕፃናቱም በሆዳቸው ሲተኙ እንቅልፋቸው ይጠነክራል። በወረቀት ላይ ሁሉም የተስማማ ይመስላል።

ሥዕሉ ግን ጎደሎ ነበር። በአንገት ውስጥ ያሉት ቧንቧዎች ሁለት ናቸው፤ የአየር ቧንቧው ከፊት፣ የምግብ ቧንቧው ከኋላ። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናሉ። ስለዚህ የሚያቀረሸው ወተት ወደ ሳንባ ለመግባት ስበትን ተቃውሞ ወደ ላይ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ስለሚሆን ወተቱ ወደ እርሱ ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ ስበትን የጠቀሱት ሰዎች የጠቀሱት ትክክለኛውን ሕግ በተሳሳተ ሥዕል ላይ ነበር። የጠነከረው እንቅልፍም ራሱ አደጋ ሆኖ ተገኘ፤ ትንፋሹ የታፈነበት ሕፃን ነቅቶ ራሱን ማዳን ይገባዋልና።

ድንገተኛ የሕፃናት ሞት የሚባለው፣ ጤነኛ መስሎ የተኛ ልጅ ሞቶ የሚገኝበት አደጋ፣ በእነዚያ አገሮች እየበዛ ሄደ። በሆላንድ ከ1987 ጀምሮ፣ በእንግሊዝና በኒው ዚላንድ በ1991 ሕፃናትን በጀርባቸው የማስተኛት ዘመቻ ተጀመረ። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክሩን በ1992 ለወጠ፤ አገር አቀፍ ዘመቻው በ1994 ተከተለ። በአሜሪካ በዚህ ምክንያት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ሩት ጊልበርትና ባልደረቦቿ በ2005 ያሳተሙት ጥናት ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመዝን፣ የሆድ አስተኛኘት አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከ1970 ጀምሮ ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ ሊታይ ይችል እንደነበር አመለከተ። በወቅቱ ታይቶ ቢሆን በእንግሊዝ ከ10,000 በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በጠቅላላው ቢያንስ 50,000 ሕፃናት ሊድኑ ይችሉ እንደነበር ገመተ።

ይህን ቁጥር ለመሐንዲሶች ስጽፍ ምክንያት አለኝ። አንድ ድልድይ ፈርሶ ሃምሳ ሰው ቢሞት መርማሪ ይቋቋማል፣ ንድፉ ይመረመራል፣ ተጠያቂው ይጠየቃል። ምክር ሲፈርስ ግን የሚሰማ ድምፅ የለም፤ ሞቱ በየቤቱ አንድ አንድ እየሆነ ይበተናል፤ እናቲቱም ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርገዋለች።

ወደ እኛ ልማድ ስንመለስ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በአገራችን ሕፃን ጠብቶ ሲያበቃ ብዙውን ጊዜ ወደ አልጋ ሳይሆን ወደ ጀርባ ይሄዳል። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ቀጥ ብሎ፣ ሆዱ በእናቱ ጀርባ ተደግፎ፣ በእርምጃዋ እየተወዘወዘ ይውላል። እሹሩሩ ስትለውም ከኋላ በእጇ መታ መታ ታደርገዋለች። የአየር ማስወጫውን ቫልቭ በከፍታው ላይ ከማስቀመጥ አልፋ፣ ሥርዓቱን በሙሉ በቋሚነት አቁማዋለች ማለት ነው። ይህን ስል የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም፤ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስና የመጀመሪያውን ቢጫ እንገር አልቦ መድፋት ጎጂ ልማዶች መሆናቸውን የጤና ባለሙያዎች ሲያስተምሩ ኖረዋል። የማዘሉ ነገር ግን በሌላም ስፍራ ተመርምሯል። በሞንትሪያል ሁንዚከርና ባር በ1986 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሕፃናቱ በሚያለቅሱበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በቀኑ ውስጥ አብዝተው እንዲያዙ የተደረጉት፣ በስድስተኛው ሳምንት ልቅሷቸው ከሌሎቹ 43 በመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል። በ1991 ደግሞ ባርና ባልደረቦቹ፣ በደቡባዊ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ የሚኖሩት የኩንግ ሳን ሕዝብ ሕፃናት፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ታዝለው የሚውሉት፣ የሚያለቅሱበት ጊዜ ብዛት ከሌሎች ባያንስም እያንዳንዱ ልቅሶ አጭር መሆኑን ጻፉ።

ታዲያ ማስገሳቱ ራሱ ተፈትኖ ያውቃል ወይ? በሕንድ አገር በቻንዲጋር ከተማ ካውር፣ ባርቲና ሳይኒ የተባሉ ተመራማሪዎች 71 እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ወገን የማስገሳትን ዘዴ እንዲማር፣ ሌላው እንዳይማር አድርገው ለሦስት ወር ተከታተሉ። ውጤቱም በ2015 ታተመ። በቁርጠት ረገድ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ የሚያቀረሹት ግን የተገሱት በለጡ። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ የተጠኑትም በጊዜያቸው የተወለዱ ጤነኛ ሕፃናት ብቻ ናቸው። ቢሆንም ከላይ ያየነውን የጡንቻ ቀለበት ለሚያስታውስ ውጤቱ የሚያስገርም አይደለም፤ በሩን ደጋግሞ የሚያስከፍት ሰው የሚወጣለትን ሁሉ መቀበል አለበት።

በሥራ ላይ የሚውለው ከዚህ የሚከተለው ነው። ጠብቶ የተቁነጠነጠ፣ ሆዱ የተነፋ ወይም ጡጦ በችኮላ የጠባ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ቀጥ ተደርጎ ቢያዝ ይቀለዋል። ጡት ጠብቶ በሰላም የተኛውን ልጅ ለማስገሳት መቀስቀስ ግን አያስፈልግም፤ ሲተኛም በጀርባው ይተኛ። ቶሎ ቶሎ በኃይል የሚያስመልስ፣ ትውከቱ አረንጓዴ የሆነ ወይም ክብደቱ የማይጨምር ልጅ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ትከሻ የሚወሰድ አይደለም።

ስለ ጡጦው የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ሊቢግ በ1865፣ ሄንሪ ኔስሌ በ1867 የሕፃናት ምግብ ካወጡ በኋላ ጡጦው ከዱቄቱ ጋር ዓለምን ዞረ። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለችው ሐኪም በ1939 በሲንጋፖር ባደረገችው ንግግር፣ ንጹሕ ውሃ በሌለበት አገር የዱቄት ወተትን ማስፋፋት ከግድያ እንደማይለይ ተናግራ ነበር። በ1974 በለንደን «ሕፃን ገዳዩ» የተባለ ጽሑፍ ታተመ፤ በ1977 በኔስሌ ምርቶች ላይ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ፤ በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ሽያጭ የሚመለከት ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በሦስት ድምፅ ተአቅቦ አጸደቀ። ተቃዋሚዋ ዩናይትድ ስቴትስ ነበረች።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ከጡት መጥባት ለማይችል ሕፃን በጡጦ ፋንታ ስኒ እንዲጠቀሙ ይመክራል። ስኒ በሙቅ ውሃና በሳሙና ወዲያው ይጠራል፤ አፉ ለከባቢ አየር ክፍት ስለሆነም ቫልቭ አያሻውም። ሕፃኑ የሚይዘው ሰው ስለሚያስፈልገው፣ በሚጠጣበትም ጊዜ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።